በር የሌለው ቁም ሣጥን

ቅጽል ስም በማውጣት የሥራ ባልደረባን የሚያህል የለም። ሰው ሠራሽ እግር በሚሠራበት በዚያ ወርክሾፕ ሰባት ሰዎች ነበሩ፤ ስድስቱ ተስማምተው ሰባተኛውን «መጣሁ» አሉት። ከአፉ የማትጠፋ ቃል እሷ ናታ! «መጣሁ» ብሎ ሙጫ ሊያመጣ ይወጣል። መንገድ ላይ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ያያል። ቧንቧውን ሊያጠብቅ መፍቻ ፍለጋ ይሄዳል። መፍቻው ያለበት ክፍል ውስጥ የቆመ የግድግዳ ሰዓት ያገኛል፤ ያወርደዋል። ከሁለት ሰዓት በኋላ የግድግዳው ሰዓት ይሠራል፣ ቧንቧው ያንጠባጥባል፣ ሙጫውም ያው መደርደሪያው ላይ ነው። «ኧረ ሙጫውስ?» ሲሉት በመዳፉ ግንባሩን ይመታል።

ሰው ይስቃል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። የእሱ ሳቅ ግን ከጥርስ አያልፍም። ይህን የምታውቀው እህቱ ብቻ ነበረች።

እህቱ የወርክሾፑ አለቃ ናት። በስምንት ዓመት ትበልጠዋለች። እሱ «እትዬ» ስለሚላት ሠራተኛው ሁሉ፣ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ፣ እትዬ ይሏታል። እትዬና ሥርዓት አንድ ማኅፀን ያደሩ ይመስላሉ፤ የእርሳሶቿ ጫፍ እንኳ ሁሌም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚያየው። እናታቸው በሕይወት ሳሉ «ሁለታችሁን አንድ ላይ ለውሼ ቢሆን ኖሮ አንድ ደህና ሰው ይወጣልኝ ነበር» ይሉ ነበር። ቀልዳቸውን ነው። ታናሽየው ግን ይህችን ቀልድ በሠላሳ ስድስት ዓመቱም አልረሳትም። ትናንት ያስቀመጠውን መነጽር የሚረሳ ጭንቅላት ይህችን ከነድምፁ ይዟታል።

ታዲያ እትዬ ይህን ሰው ለምን አስቀመጠችው? ወንድሟ ስለሆነ? ኧረ ወዲያ! እትዬ እንኳን ወንድሟን አባቷንም ቢሆን ሥራ ካላወቀ በሩን ታሳየዋለች። ያስቀመጠችው እጁን ስለምታውቅ ነው።

ሰው ሠራሽ እግር ሲባል ሁሉም የሚያየው እግሩን ነው። ጣጣው ያለው ግን ከላይ ነው፤ የሰውየው ቀሪ እግር የሚገባበት ማቀፊያ ላይ። መጀመሪያ ቀሪው እግር እርጥብ የጀሶ ፋሻ ይጠቀለልበታል። ፋሻው ሲደርቅ ይወልቅና ውስጡ ጀሶ ይፈስበታል። እንዲህ ተደርጎ የእግሩ ቅጂ ይወጣል። ከዚያ ባለሙያው ቅጂውን በቢላ ይልጠዋል፤ ሥጋው ክብደት የሚችልበት ቦታ ላይ ይቀንሳል፣ አጥንቱ የሚያምበት ቦታ ላይ ጀሶ ይጨምራል። ፕላስቲኩ በምድጃ ተለስልሶ የሚለበጠው በዚህ በተላጠው ቅጂ ላይ ነው። አንዲት ስስ ልጣጭ ያለቦታዋ ከተነሳች ሰውየው ሦስት እርምጃ ሳይሄድ «ወይኔ!» ይላል።

ሌላው ሠራተኛ አንድን ሰው አራት አምስት ጊዜ አመላልሶ የሚያስተካክለውን፣ ታናሽየው ዓይኑን ጨፍኖ አውራ ጣቱን ጀሶው ላይ ያስኬድና «እዚህ ጋ ነው የሚያመው» ይላል። ደግሞም እዚያው ጋ ነው! እየተራገሙ በክራንች ገብተው እየመረቁ በእግራቸው የወጡ ሰዎች ቁጥር የለውም።

እንዲህ ያለው ሰው በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ከአልጋው መውረድ ያቅተዋል። ለዓመታት ሐኪም ቤት ተመላልሶ የተሰጠው ስም አንድ ብቻ ነበር፤ ድባቴ። መድኃኒቱን ይውጣል፣ ትንሽ ቀና ይላል። ከዚያ የጣደውን ሻይ ረስቶ ማንቆርቆሪያ ያሳርራል፣ ቀጠሮ ያልፈዋል፣ የሰው አደራ ይጠፋበታል፣ ተመልሶ ይወድቃል። ባለፈው ዓመት ነው አንዲት ወጣት ሐኪም «ልጅ ሳለህ ክፍል ውስጥ እንዴት ነበርክ?» ብላ የጠየቀችው። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። መመለስ ሲጀምር ማቆም አቃተው። ኤዲኤችዲ የሚሉት፣ ሐሳብን አንድ ቦታ አላስቀምጥ የሚል ነገር ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት እንደኖረ የዚያን ዕለት ተነገረው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!

«ታዲያ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ እንዴት ነው የሚያደርጉህ?» አለችው እትዬ፣ የዚያን ሰሞን ሻይ ይዘው ተቀምጠው።

«ሁለት ደባል ገብተውብኛል በይው» አላት። «አንደኛው በር መዝጋት አያውቅም። የቤቱን በር ሁሉ ወለል አድርጎ ከፍቶ ‹በዚህ ግባ፣ የለም በዚህ፣ ያቺንስ አየሃት?› ይለኛል። ሌላኛው ደግሞ እየተከተለ መብራት ያጠፋል። እስቲ ንገሪኝ፣ በሩ ሁሉ ተከፍቶ ቤቱ ከጨለመ ወዴት ትሄጃለሽ?»

«ቁጭ እላለኋ!»

«እኔም ቁጭ እላለሁ። ያን ጊዜ ሰነፍ ይሉኛል።»

ቀስ እያለ ሌላም ነገራት። ሌላ ሰው ቁልፍ ሲረሳ «ወይ ጉድ፣ ረሳሁ» ብሎ ተመልሶ ያነሳል። እሱ ቁልፍ ሲረሳ ነገሩ እዚያ አያበቃም። «ረሳሁ» ይላል፤ «ሁሌም እረሳለሁ» ይላል፤ «እትዬን ስንት ጊዜ አዋረድኳት» ይላል፤ «ባልኖር ይቀላቸው ነበር» እስከሚለው ድረስ ይሄዳል። ይህን ሁሉ የሚሄደው ደረጃው ላይ እንደቆመ ነው። እዚያ ሲደርስ ለምን እንደወጣ ጠፍቶታል። ቁልፉም የለም፣ ሰዓቱም ሄዷል፣ ሌላ ጥፋት ተጨምሯል። አንዱ ደባል ጥፋት ይሠራል፤ ሌላው ይፈርዳል።

የእትዬን አንጀት በላው። ልጅ ሳሉ ደብተሩን በጣለ ቁጥር በኩርኩም የምትለው እሷ ነበረች። እና ልትክሰው ቆረጠች።

የታናሽየው የሥራ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛ ተብሎ ነው እንጂ፣ ቁጣ የሚቀሰቅስ ነገር ነበር። ግማሹ የተላጠ የጀሶ እግር ጫፍ ድረስ ተደርድሯል። ሞረዱ፣ ቢላው፣ ብሎኑ፣ የቀሪ እግር ካልሲው፣ ሻይ የደረቀበት ብርጭቆው፣ ሁሉም አንዱ በአንዱ ላይ ነው። አንድ ጫማ ከመብራቱ ገመድ ላይ ተንጠልጥሏል። አንዱ ጀሶ ላይ «ጮክ በል፣ ጆሯቸው አይሰማም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እትዬ በዚያ ባለፈች ቁጥር ዓይኗን ታዞር ነበር።

ታናሽየው እንደ ልማዱ አንድ ሳምንት ሙሉ ከአልጋ መነሳት ያቃተው ጊዜ፣ «አሁን ነው!» አለች። ቁም ሣጥን አስመጣች፤ ባለ ሁለት በር፣ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ከሥሩ አሥራ ሁለት መሳቢያ ያለው። ቢላዎቹን ጠርጋ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለች። የጀሶ ቅጂዎቹን ከበሮቹ በስተጀርባ ደረደረች። በዚያ በሚያምር እጅ ጽሕፈቷ «ቢላዎች»፣ «ሞረዶች»፣ «የተጀመሩ»፣ «ያለቁ» እያለች ለጠፈች። ጠረጴዛው ላይ የቀሩት ቦታ ያጡ አንድ አሮጌ ሞረድ፣ አንድ እርሳስና አንድ መቀስ ብቻ ነበሩ። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ዓይን የሚያጠግብ ሥራ ነበር። ስጦታ ነበር።

ታናሽየው ሰኞ ተመልሶ ሲያየው ብዙ ቆመ። ጽሑፎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ነካ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እጅሽ ይባረክ እትዬ» አለ። ከልቡ ነበር።

ከዚያ ሁለት ሳምንት፣ ጉድ ነው፣ ሰውየው ተለወጠ። ከሁሉ ቀድሞ ይገባል። ጠረጴዛውን ይወለውላል። ወዲያ ወዲህ ማለት ቀረ። «መጣሁ»ም ቀረ። ሠራተኛው «እትዬ፣ አንድ ቁም ሣጥን ሰው አደረገው እኮ!» ይላታል፤ እሷም ደስ ይላታል። አንድ ነገር ብቻ አላየችም። ከዚያ ንጹሕ ጠረጴዛ ላይ ምንም አይወጣም ነበር ማለት ይቻላል። እጁ ላይ ያቀበሉትን ይሠራል፤ ያላቀበሉት ለእሱ የለም።

በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ጠዋት ፖስተኛዋ መጣች። ይህች ሴት ሃያ ዓመት በእግሯ ደብዳቤ ስታድል የኖረች ናት። ወደ ኋላ የሚመለስ የጭነት መኪና ግራ እግሯን ከጉልበቷ በታች ወሰደባት። ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ማቀፊያ ተሠርቶላት ሁለቱም ሥጋዋን ልጠውባታል። የጠረጴዛ ሥራ እንስጥሽ ቢሏት «ከምቀመጥስ» ብላ እምቢ ያለች ናት። ታናሽየው ከመተኛቱ በፊት የጀሶ ቅጂዋን ወስዶ ነበር። ዛሬ መሞከሪያዋ ነው።

«አዲስ ጫማ ገዛሁ!» አለች ገና ከበሩ፣ ክራንቿን ወደ ጎን አድርጋ ከረጢቱን እያነሳች። «ሁለቱንም እግር! ሻጩ አንድ ብቻ አይሸጥልኝማ።»

ታናሽየው አያት። እግሯ አልተጀመረም። እንዳልተጀመረ እንኳ አያውቅም ነበር፤ ሴትየዋ ከነእግሯ ከጭንቅላቱ ጠፍታለች።

«አንዴ መጣሁ» አለ ቀስ ብሎ። ወጣ። አልተመለሰም።

ጠረጴዛው ላይ አንዲት ወረቀት ትቷል። እትዬ ቆማ አነበበችው።

«እትዬ፣ እስካሁን ጠረጴዛዬ ስለተዝረከረከ ነው እያልኩ ራሴን አታልል ነበር። ሁሉን አሰናድተሽልኝም አልቻልኩም። እንግዲህ ጥፋቱ የጠረጴዛው አይደለም። የሰው እግር በእኔ እጅ መሆን የለበትም። ከሥራው አውጪኝ፤ ሁለተኛ አልመለስም። ይህን ስጽፍ አልተናደድኩም።»

የመጨረሻዋ መስመር እትዬን አስደነገጠቻት። የተናደደ ሰው ይመለሳል። እሷ ታውቀዋለች፤ ያን ሰው በወደቀ ቁጥር ከአልጋ የሚያወርደው ይህ ሥራ ብቻ ነው። ሥራው ከሄደ የሚያወርደው የለም። ግን እትዬ አይደለች? መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው።

«ይህን ሁሉ አደራጅቼለት!» አለች ጮክ ብላ። ወደ ፖስተኛዋም ዞረች። «ይቅርታ አድርጊልን እህቴ። ዛሬውኑ ሌላ ባለሙያ ይሠራልሻል።»

«የለም» አለች ፖስተኛዋ። «በልኬት ሁለት ጊዜ ተሠርቶልኝ አይቼዋለሁ። ያ ልጅ ሲነካኝ ግን የሚያመኝ ቦታ ጋ ሲደርስ ሳልነግረው እጁን አነሳ። እጠብቀዋለሁ። ሰው ቢጠፋ ተመልሶ ይገኛል፤ እጅ ከጠፋ ነው ችግሩ።»

ሴትየዋ ከሄደች በኋላ እትዬ የጀሶ ቅጂዋን ልትፈልግ ቁም ሣጥኑን ከፈተች። «የተጀመሩ» ከሚለው ሥር፣ እሷ ራሷ ባስቀመጠችበት ቦታ፣ እሷ ባስቀመጠችው አኳኋን ቆሟል። የመጀመሪያውን መሳቢያ ሳበች። ቢላዎቹ እሷ በጠቀለለችው ጨርቅ ውስጥ ናቸው፤ ቋጠሮው የእሷ ቋጠሮ ነው። ሁለተኛውን ሳበች፣ ሦስተኛውን፣ አሥራ ሁለቱንም። አንዱንም ማንም አልነካውም።

ከዚያ የወርክሾፑን ጫማ ሰፊ ጠራች፤ በዕድሜ የሁሉም ታላቅ ናቸው።

«ጋሼ፣ ይኼ ልጅ ሁለት ሳምንት በምን ሲሠራ ነበር?»

«በዚያች በአሮጌዋ ሞረድ ነዋ!» አሉ። «ጀሶ በሞረድ ሲፈገፍግ አይቼ ‹ቢላህስ?› ብለው ‹ጠፋብኝ› አለኝ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አስምሎኝ! ‹ይህን ሁሉ ካደረገችልኝ በኋላ ቢላዬ የት ነው ብዬ በምን ዓይኔ ልጠይቃት?› አለኝ።»

እትዬ የዚያን ጠረጴዛ ወንበር ስባ ቁጭ አለች። ያን ዝብርቅርቅ አንድ በአንድ ማስታወስ ጀመረች። ጫፍ ላይ የነበረው ጀሶ ሁሌም የሚቀጥለው ሥራ ነበር፤ ሊወድቅ ሲል ስለሚያየው። ከመብራቱ ላይ የተንጠለጠለው ጫማ ባለቤቱ በዚያ ሳምንት የሚመጣ ሰው ነበር፤ መብራቱን ሲያበራ ፊቱን ስለሚነካው። ወረቀቶቹ፣ ብርጭቆዎቹ፣ ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ይዘው «አለሁ፣ አትርሳኝ» የሚሉት ነበሩ። ያ ሰው ጭንቅላቱ የማይይዝለትን በዓይኑ እንዲይዝለት ብቻውን ዘዴ ፈጥሮ፣ ሐኪም ስሙን ሳይነግረው በፊት፣ አሥር ዓመት ሠርቶበታል። እሷ በአንድ ሳምንት ጠራርጋ ዘጋችበት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ይባስ ብሎ ለዚያኛው፣ መብራት ለሚያጠፋው ደባል፣ በነጭ ቀለም የተቀባ ማስረጃ ሰጠችው፤ «አየህ፣ ሁሉ ተሟልቶልህም አልቻልክም!»

በማግስቱ ማለዳ እትዬና ጫማ ሰፊው የቁም ሣጥኑን ሁለት በሮች ከማጠፊያቸው ፈትተው ግድግዳ አስደገፉ። መሳቢያዎቹን እያወጡ ጠረጴዛው ላይ ገለበጡ። ከዚያ እትዬ የፖስተኛዋን የጀሶ እግር ታቅፋ አውቶቡስ ተሳፈረች። ሰው ሁሉ ያያታል። አንድ ሰውዬ «የማን ነው?» ቢላት «የሰው ነዋ፣ የማን ሊሆን!» ብላ አፉን አስያዘችው።

ታናሽየው የሚኖረው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው። በሩ አልተቆለፈም። መጋረጃው ተዘግቷል። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ሌላ ጊዜ ብትሆን መጋረጃውን በርግዳ «ተነሳ!» ትል ነበር። አሁን ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለች።

ፊቱን መለሰ። በሕይወቱ ከእትዬ አፍ ይህን ቃል ሰምቶ አያውቅም። ታላቅ ታናሹን ይቅርታ ሲጠይቅ!

«አንቺ ደግሞ ምን አጠፋሽ?»

«ቢላህን ደበቅኩብህ።»

«መሳቢያው ውስጥ ነበራ። ስሙ ተጽፎበታል። ማንበብ አልችልም እንዴ?»

«ታነባለህ። ግን ዓይንህ ፊት የሌለውን ነገር ጭንቅላትህ ‹የለም› ነው የሚልህ። እኔ ደግሞ ሁሉን ከዓይንህ ፊት አነሳሁት። ያንን ዝርክርክ ስንፍና መስሎኝ ነበር። ለማያይ ሰው ምርኩዙን ወስጄ ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቀልኩለትና ሲወድቅ ገረመኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ብርድ ልብሱን ወደ አገጩ ሳበ።

«ቢሆንም» አለ።

ይህች «ቢሆንም» የድባቴ አፍ መፍቻ ቋንቋ ናት። ወርቅ ብታመጣለት «ቢሆንም»፣ እውነት ብትነግረው «ቢሆንም»። እትዬ ልትከራከር አፏን ከፍታ ተወችው።

«ደብዳቤዬን አነበብሽው?» አለ ቆየት ብሎ።

«አነበብኩትና መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። እንግዲህ መሳቢያ ውስጥ የገባ ነገር ለአንተ የለም።»

ከአፍንጫው ትንሽ አየር ወጣ። ሳቅ ነው ማለት ይከብዳል፤ ከሳቅ የተረፈ ነገር ነው።

እትዬ የጀሶውን እግር አንስታ ብርድ ልብሱ ላይ፣ ደረቱ ጋ አስቀመጠችለት። «ፖስተኛዋ እጠብቀዋለሁ ብላለች» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

እጁ ብዙ ጊዜ አልተንቀሳቀሰም። በኋላ አውራ ጣቱ ብቻዋን መሄድ ጀመረች። ከጉልበቱ ወረደች፣ በጎን በኩል ዞረች፣ ቆመች።

«ቦርሳዋ» አለ።

«የምን ቦርሳ?»

«እናንተ እግሯን ስትለኩ እኔ ትከሻዋን ነበር የማየው።»

«እኔ መስኮት የምታይ መስሎኝ በክርኔ ጎሸምኩህ እኮ!»

«ግራ ትከሻዋ ከቀኙ ዝቅ ይላል። ሃያ ዓመት የደብዳቤ ቦርሳ ተሸክማበት። ልኬቷን የወሰዱት ቁጭ ብላ፣ ባዶዋን ሆና ነው። ስትሄድ ግን ሰውነቷ ቦርሳውን እየፈለገ ወደ ግራ ያዘነብላል። ያን ጊዜ ይህች አጥንት እዚህ ጋ ትመታለች።» በጥፍሩ ጫረበት። «ሦስተኛም ቢሠሩላት ያው ነው። ቢላ ይዘሻል?»

ይዛለች እንጂ! ከነጨርቁ ከቦርሳዋ አወጣችለት።

እዚያው አልጋው ላይ ግድግዳ ተደግፎ መላጥ ጀመረ። አሁን ይህን ያየ ሰው «በሽታው እኮ ስጦታ ነው» ይል ይሆናል። ይህን የሚል ሰው አንድ ሳምንት ይሞክረው! ደህና ቀን ቢሆን ይህ ለእሱ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ያን ቀን ግን ሁለት ጊዜ ልጦ ይቆማል፣ ቢላውን ያስቀምጣል፣ ዓይኑ ጣራው ላይ ይቀራል፤ «ምን ዋጋ አለው» ይላል፤ ደግሞ ያነሳል። መንገድ ላይ ጩኸት ሲሰማ ሐሳቡ በመስኮት ይወጣል፤ ተመልሶ ሲመጣ የት እንደደረሰ ይጠፋዋል፤ በአውራ ጣቱ ከመጀመሪያው ፈልጎ ያገኘዋል። እትዬ «አይዞህ» አላለችም። ቁጭ ብላ ብቻ አየች። በዚህ ሥራ ስንት ጀግና አይታለች፤ በአንድ እግሩ ደረጃ የወጣ፣ በማግስቱ ልሂድ ያለ። ያችን ቢላ አሥር ጊዜ አስቀምጦ አሥራ አንደኛ ጊዜ እንዳነሳው ሰው ግን ከባድ ነገር ሲያነሳ ያየችው የለም። ከሰዓት በኋላ ሲጨርስ ብርድ ልብሱ በጀሶ ነጭ ሆኗል። እሷ እያለቀሰች ነበር፤ እሱ አላያትም።

በተላጠው ቅጂ ላይ እትዬ ሰኞ ዕለት ማቀፊያውን አስለበጠች። እሱ ለሙከራው ማክሰኞ መጣ፤ ጢሙ አድጎ፣ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ። ቁም ሣጥኑን አየው። በሮቹ የሉም፣ የጀሶው እግር ሁሉ ፊት ለፊት አፍጥጦ ያየዋል። ጠረጴዛውን አየው። ከክምሩ ውስጥ አንድ ጠፍጣፋ ሞረድ መዘዘ።

«አንተ እዚህ ነበርክ?» አለው ሞረዱን።

ፖስተኛዋ እሱ እንዳዘዛት ቦርሳዋን በአሮጌ ጋዜጣ ሞልታ ይዛ መጣች። ማቀፊያውን አጠለቀች፣ አዲሱን ጫማ አደረገች፣ ቦርሳውን ግራ ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለች። በሁለቱ የብረት መደገፊያዎች መካከል ቆመች።

መጀመሪያ እንደ ሌባ ነበር የምትራመደው። አንድ፣ ሁለት። ዞረች። ሦስተኛው ላይ ስለ ሥራዋ ታወራ ጀመር፤ በር ላይ ቁጥር ስለማይጽፉ ሰዎች፣ ደብዳቤ የሚልክለት ባይኖርም በየቀኑ «የእኔስ?» ብሎ ስለሚጠይቃት ሽማግሌ። እየሄደች ታወራለች፣ ደግሞ በሁለት እጇ ታሳያለች። መደገፊያውን ለቃዋለች! ስድስት ጊዜ ተመላለሰች።

«እግርሽስ?» አላት ታናሽየው።

«የቱ እግሬ?» አለች።

ከዚያ ራሷ ሰማችው። ቆመች። ወደ ታች አየች። አፏን ያዘች። ጫማ ሰፊው ዞር ብለው አፍንጫቸውን ተናፈጡ። ሌላው ሠራተኛ አጨበጨበ። በዚያ ሙያ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለም፤ ጥሩ እግር ማለት የሚረሳ እግር ነው።

እትዬ ወንድሟን ፈለገች። ጠረጴዛው ጋ ቆሟል፤ ደስታ ፊቱ ላይ የለም።

«በአጋጣሚ ነው እትዬ» አላት በሹክሹክታ።

ስንት ዓመት የታያትን ነገር አሁን ገና አወቀችው። እሷ አንድ ነገር ሲሳካላት ውስጧ «እሰይ የኔ አንበሳ» ይላታል፤ በዚያች ቃል ተበራትታ የነገውን ትጀምራለች። የሱ ውስጥ እንዲህ ብሎት አያውቅም። መቶ ሰው በእግሩ አቁሞ አንድም ቀን «እሰይ» አልተባለም። ያለዚያች ቃል፣ መቶ አንደኛውን ሠራ።

«ስማኝ» አለችው። «እኔ ባንተ ጭንቅላት አንድ ቀን ብውል እስከ ምሳ ሰዓት አልደርስም። አንተ ሠላሳ ስድስት ዓመት ውለህበታል። የምኮራብህ እህትህ ስለሆንኩ አይደለም። እንዳንተ የበረታ ሰው ስላላየሁ ነው። ‹ቢሆንም› በለኝ፣ ግድ የለም፤ እኔ ብያለሁ።»

«ቢሆንም» አላለም። እጁን ሸሚዙ ላይ ጠረገ።

«ነገ ትመጣለህ?» አለችው።

አሰበበት። ሊዋሻት አልፈለገም።

«ነገን አላውቅም።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬማ አለሁ» አለና፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ዓይኑ ያረፈበትን የጀሶ እግር ሳብ አድርጎ ቢላውን አነሳ።